ከፈጣሪ ጋር የተቆራኘችው

በዘምባር መንግሥት ፀሐይ ጠቁራ በወጣችበት ዕለት፣ ትንቢት ነጋሪዋ ወፍ በውብርስት ደጃፍ አርፋ «የዚህ ቤት ታናሽ መኸሩን አያይም» አለች። የቤቱ ታናሽ ልባዊ ነበር፤ ከተወለደ ጀምሮ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጥቂት ተራምዶ ግድግዳ የሚደገፍ ልጅ። እናት አባት ሞተውበት ያሳደገችው እህቱ ውብርስት ናት።

ውብርስት ጦሯን አወረደች። «ወንድሜን አጉድሎ የፈጠረውን ፈጣሪ ከነጠላዬ ቋጥሬ ለፍርድ ካላቀረብሁ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ብላ ማለች። በዘምባር ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ይቆራኛሉ፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንጀራውንም ሕመሙንም ይካፈላሉ።

ክንፋሟ በቅሎዋ ሸጋዬ ሳቀችባት። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም፣ እመቤቴ?»

«ሰማዩንም አርሰዋለሁ! ይልቅ ክንፍሽን ዘርጊ።»

በመንገድ የእሳት ዘንዶ ገጠማቸው። ውብርስት በጦሯ ጣለችው፤ ሸጋዬ ግን አንድ ክንፏን አጣች። የቀረውን ዳገት በእግራቸው ወጥተው ፈጣሪ ከሚኖርበት ከዳብር ተራራ አናት ደረሱ። ፈጣሪ ዙፋን ላይ አልነበረም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ውብርስት በቁጣ የልብሱን ዘርፍ ስትይዝ የምትቋጥርበት ቦታ አጣች። ዳር እስከ ዳር ቋጠሮ ብቻ! ከእሷ በፊት የከሰሱት ሁሉ ያሰሩት ነው፤ አንዱንም አልፈታውም።

«እዚህ ጋ ትንሽ ቀርታለች፣ ልጄ» አለና አቀበላት።

ቋጠሮውን ስታጠብቅ የእሷ እንባ በእሱ ዓይን ወረደ።

«ተጠየቅ!» አለች። «ለምን አጎደልህበት?»

«ብነግርሽ ዛሬ አያጽናናሽም።»

«ይህም መልስ ሆኖ ነው? ልጅ ማታለያ ነው እንጂ!»

«እውነትሽን ነው። እንግዲያው ልባዊ ይዳኘን።»

ተያይዘው ወረዱ። መንገዱን ሁሉ ስትወቅሰው እሱ የቆሰለችውን በቅሎ ደግፎ ይሰማት ነበር።

ልባዊ ከመደቡ ቀና ማለት አቅቶታል። «እህት ዓለም... ማነው እሱ?»

«ባላጋራዬ ነው፤ አንተ ዳኘን።»

«እህል ቀምሷል?»

የልጁ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ውብርስት የነጠላዋን ሌላ ጫፍ ከእጀ ጠባቡ ጋር ቋጠረችና ወደ ፈጣሪ ዞረች። «ከባላጋራዬ ጋር ሕመም ከተካፈልሁ፣ ከወንድሜ ጋር ዕድሜ ብካፈል ማን ይከለክለኛል?»

«ማንም። ግን የሄደው አይመለስልሽም።»

«ይሂድ!»

ፀጉሯ እዚያው ነጣ። ልባዊም ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዱ ድረስ ተነፈሰና፣ ዳኝነቱን ረስቶ ወደ ሜዳው ሮጠ።

መኸሩ ሲገባ ፈጣሪ ከዓይን ተሰውሮ ነበር፤ ቋጠሮው ግን ከነጠላዋ አልጠፋም፣ አንዳንዴም ሳብ ያደርጋታል። ልባዊ ነዶ ተሸክሞ ሲያልፍ ቋጠሮውን አየ።

«ታረቃችሁ እንዴ?»

«ኧረ ገና ነን። ቅር እንዳለኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትፈቺውም?»

ውብርስት ሽበቷን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ቋጠሮውን አጠበቀችው።

«ሳይፈረድ ባላጋራ ይለቀቃል እንዴ? ቀጠሮ አለን።»