ከነፋሱ ጀርባ የተቀመጠው ሬሳ

አብራም ቴት በኮረብታው ላይ በጎች ከሚጠለሉበት ክብ የድንጋይ ካብ በስተምዕራብ፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ቆቡ እስከ ዓይኑ ተስቦ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። ሠላሳ ዓመት ለመዝገበ ቃላት የእረኛ ቃል በወረቀት ሲለቅም ኖሮ «ቢልድ» ላይ ደርሶ ነበር፤ ከነፋስ መከለያ ማለት ነው፣ በጥንቱ ግን «ድፍረት» ማለት ነበር ይል ነበር።

ሰኞ ጠዋት እሱና የእህቱ ልጅ ኤፊ ኮረብታው ላይ ሲጨቃጨቁ ታይተዋልና መንደሩ ልጅቷን ያዘ። ይሄ መንደራችን ደግሞ አንዴ ከፈረደ ይግባኝ አያውቅም፤ የመስቀያ ገመድ ይጠብቃታል።

ሳጅን ካርስ ኤፊንና ሌሎች ሁለት ተጠርጣሪዎችን በሟቹ ቤት ሰበሰበ።

«ዶክተር ሎሪመር፣ ነፋስ ቢይዝዎ በካቡ በየት በኩል ይጠለላሉ?»

«በየትም በኩል ቢሆን ካብ ካብ ነው!» አሉ ስለ ቃሉ ምንጭ ከሟቹ ጋር ሲሟገቱ የኖሩት የኤድንበራ ምሁር፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው። «ቢልድ ማለት ራሱ ግንቡ ነው ብዬ ጽፌአለሁ።»

እረኛው ዋት ቴልፈር ሳቁ አመለጠው። «እግዜር ያሳይዎ! ነፋሱ ፊት ከተቀመጡ ካቡ ምን ሊሠራልዎት?»

«እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ዋት። ሰኞ ነፋሱ ከየት ነበር?»

«እስከ ስምንት ሰዓት ከምዕራብ። ከዚያ ዞሮ ከምሥራቅ ነፈሰና በረዶውን አመጣው።»

«ደሙን ያገኘሁት ከኮረብታው ሥር ካለው ጅረት ዳር፣ በረዶው ላይ ነው» አለ ሳጅኑ። «ስለዚህ የሞተው ከስምንት በኋላ ነው። ኤፊ ከስድስት ሰዓት እስከ ምሽት ፖስታ ቤት ነበረች። ሬሳውን አንድ ሰው ተሸክሞ ሽቅብ አውጥቶ፣ በዚያ ሰዓት ነፋስ በማይደርስበት በምዕራቡ ጎን አስቀመጠው። ዶክተሩ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ጎኑንም አያውቁትም። ከሟቹ የቃላት ሳጥን ደግሞ፣ ዋት፣ ስለ «ቢልድ» የእናትህን ቃል ከነስሟ የያዘ ወረቀት አገኘሁ።»

የዋት ፊት አመድ መሰለ።

«"አንድ ክረምት ለአንድ ዟሪ ነጋዴ ቢልድ ሰጠሁት፤ ዋቴ የተወለደው ከዚያ ነው" ብላ እናቴ አጫወተችው» አለ። « በመጽሐፍ ሊያወጣው! ሰርዘው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። "ተናጋሪው ያልተጠቀሰ ቃል፣ ቃል አይባልም" አለኝ። ድንጋይ አነሳሁ።»

«ለምን ተሸከምከው ታዲያ?»

«በረዶ ይወርድበት ነበርኮ፣ ሳጅን! ሰውን እንዴት ነፋስ ላይ እተዋለሁ?»

ኤፊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ወረቀቱ ችሎት ላይ ይነበባል?» አለ ዋት። «እናቴ በሕይወት አለች።»

«ይነበባል፣ ዋት። ከነስሟ።»

እረኛው ያኔ አለቀሰ።