ከላንቃ የተቆረሰ ሥጋ

ትራምፔት ነፊው በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ገርበብ እንዳደረገ ሞቶ ተገኘ። ትራሱ በደም ርሷል። ድዱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሁለተኛ ጧቱ ነበር። ሰፈሩ ግን ፖሊስ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ «ሐኪሟ ገደለችው» ብሎ ፈርዶ ጨረሰ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክሊኒኳ ታሸገ፣ እሷም ጣቢያ ገባች። ጥፋተኛ ከተባለች ዳግመኛ የሰው አፍ አትነካም።

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቿ «ጆሮ» ለሚሏት መርማሪ ነው። ይህ ስም የወጣላት ወሬ ወዳድ ስለሆነች አይደለም፤ ሌላው ሲያወራ እሷ ዝም ስለምትል ነው። ዝም የሚል ፖሊስ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ሐኪሟ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ጓንት እንዳጠለቀች ሁሉ እጆቿን ከልብሷ አርቃ ይዛለች።

«የፊት ጥርሶቹ ድድ ሸሽቶ ሥራቸው ወጥቶ ነበር» አለች። «ጥርሱ ከተነቃነቀ ትራምፔት አይነፋም። መተዳደሪያው ነው።»

«ምን ምርጫ ነበረው?»

«አንዱ የጎኑን ድድ ስቦ ማልበስ ነው፤ የሱ ግን ሳስቶ ስለነበር አይሳብም። ከሌላ ሰው ተወስዶ የተዘጋጀ ሥጋ መስፋትም ይቻላል። ታላቅ እህቱ ‹የማላውቀው ሰው ሥጋ ወንድሜ አፍ አይገባም› ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ ከራሱ ላንቃ ቆርሼ ሰፋሁለት።»

«እህቱም አብረው ነበሩ?»

«እሳቸውም፣ ሚስቱም፣ አብሮት የሚነፋ ጓደኛውም። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንት ቀደም ብዬ ለሁሉም ነው ያስረዳሁት። የተሰፋው ሥጋ የሚኖረው ደም ከደረሰው ብቻ ነው፣ ካልደረሰው ይሞታል አልኳቸው። መያዝ አለመያዙ የሚለየውም ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቀው ደግሞ፣ ‹እኔ ኪኒን ሳይ ነው የምታመመው› ብሎ አሳቀን።» ድምጿ ተሰበረ። «ቆርሼ ስጨርስ ደሙ ቶሎ አልቆም ብሎኝ ነበር። አንዳንድ ሰው ላይ ያጋጥማል ብዬ፣ ጫን አድርጌ ይዤ አቆምኩት። ወደ ቤቱ መስደድ አልነበረብኝም።»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ሟች ቤት ሄደች። ሚስቲቱ የትራሱን ልብስ አጥባ አስጥታዋለች። ማስረጃ ማጠብ እንደማይገባ የነገራት የለም፤ ቤቷን በደም ማየት አልቻለችም፣ በቃ።

«ለምን ለብቻው ተኛ?»

«ተኝቼ ስገላበጥ ክንዴ ፊቱን እንዳይመታው ብዬ ነዋ። ምነው አጠገቡ በሆንኩ።»

«ትራምፔቱን ተው እያልሽ ትጨቀጭቂው ነበር አሉ።»

«ጨቅጭቄዋለሁ። የሱን ትራምፔት እየሰማ የማይጨቀጭቅ ካለ ይምጣና ይየኝ» አለችና እንባዋን ጠረገች።

«ከሕክምናው በፊት ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። ጺሙን ሲላጭ ቆርጦት፣ ደሙ አልቆም ብሎ ፎጣዬን አበላሽቶብኛል። ክንዱም በልዞ ነበር። የትራምፔቱ ሳጥን ነው አለኝ።»

በሙዚቃ ባንዱ ውስጥ ከሟች ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሰው «ሁለተኛው» ይሉታል። በረንዳ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አሁን ወንበሩ ላንተ ሊሆን ነው።»

«ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንደዚህ ሆኖ ይድረሰኝ አላልኩም።»

«ልትጠይቀው መጥተህ አስነፍተኸዋል ይባላል።»

«እሱ ነው አቀብለኝ ያለኝ። ከንፈሩ ላይ ሳያሳርፈው ነጠቅኩት። ተሳድቦ አባረረኝ፤ የመጨረሻ ቃላችን ስድብ ሆነ።»

ታላቅ እህቱ ጓዳ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መርማሪዋ ጎናቸው ተቀምጣ ዝም አለች። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ግን ሰዓት የለም።

«ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ?»

«እኔ ነኝ ልጄ። የልቤ በር ሲበላሽ በብረት ቀይረውልኝ ነው። ወንድሜ ‹እትዬ ስትመጣ ሳትጠራኝ እሰማታለሁ› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«የልብ በር በብረት የተቀየረለት ሰው ደም ማቅጠኛ አያቋርጥም ይባላል። ይወስዳሉ?»

«አለኝ አለኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ራስጌያቸው ያለው የመድኃኒት ዕቃ ባዶ ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። ሐኪሟም በፖሊስ ታጅባ መጣች። ሚስቲቱ ላለማየት ጀርባዋን ሰጠቻት።

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ክሩ አንድም ቦታ እንዳልተበጠሰ ነግሮኛል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ የሐኪሟ ስፌት አልተፈታም። ሰውየውም ትራምፔት አልነፋም፤ ሁለተኛው እውነቱን ነው። የደማው የተቆረሰው ላንቃው ነው። እንዲህ ያለ ቁስል የጤነኛ ሰው ደም ይረጋበታል። የሱ ደም ግን አልረጋም፤ ደም ማቅጠኛ ተገኝቶበታል። ተኝቶ ሲደማ ደሙ ወደ ሳንባው ገባ።»

«መድኃኒት አይወስድም!» አለች ሚስቲቱ።

«እያወቀ አይወስድም። ይህ መድኃኒት ደግሞ ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም፤ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ የተሰጠው ከሕክምናው በፊት ነው። የምላጩ ቁስልና የክንዱ መበለዝ ያንን ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም። እዚህ ቤት ይህን መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሰርቋቸው ቢሆን፣ ባለቤቲቱ ጠፋብኝ ይሉ ነበር። አላሉም። ባዶውን ዕቃ እያዩ አለኝ አሉኝ።»

መርማሪዋ አሮጊቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ያወቀችውን ባታውቀው በወደደች።

«እትዬ፣ በምን ሰጡት?»

«በወተት» አሉ ሳያመነቱ። «አድቅቄ። ኪኒን ሲያይ እንደ ሕፃን ፊቱን ያዞራላ። የኔ ሐኪም ደምሽ ሳይረጋ እንዲሄድ ነው ብሎኛል። ዶክተር ደግሞ ደም ካልደረሰው ሥጋው ይሞታል አለች። የኔን ድርሻ እሱ ይውሰደው፣ እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ…»

አሮጊቷ ቀና አሉ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ማንም ዓይናቸውን ሊያይ አልደፈረም። ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐኪሟን ያጀበው ፖሊስ ክንዷን ለቀቀ፤ እሷ ግን ነፃ መውጣቷን ያስተዋለች አትመስልም።

«ዶክተር» አሉ አሮጊቷ። «ሥጋው ግን ያዘ?»

ሐኪሟ ወደ አጠገባቸው ቀረበች። «ይዞ ነበር፣ እማማ። ደም ደርሶት ነበር።»

መያዙን ለማወቅ ሁለት ቀን እንደማይበቃ መርማሪዋ ታውቃለች። ዝም አለች።

ከፋርማሲ ያስመጣችውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚህ ሌላ ልታደርግ የምትችለው አልነበራትም። ሚስቲቱ ተነሥታ ውሃ ቀዳች፣ ኪኒኑን በመዳፏ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ይዋጡት እትዬ። እርስዎም እንዳይሞቱብኝ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን እንደ ሕፃን አዞሩ። ሚስቲቱ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ሳሎኑ ጸጥ ሲል ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ሁሉም ዘንድ ይሰማ ነበር።