የቀን መብራት

«ካቻቢቴውን» አለች ሽቦ፣ ፊቷን ከሚኒባሱ አፍንጫ ሳታነሳ።

አባቷ ከጎኗ እንደተንበረከከ መሬቱን በመዳፉ መዳበስ ጀመረ። ካቻቢቴው ከግራ ጉልበቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ቢጫ እጀታው ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ ተጋድሟል። እጁ ግን ወደ ቀኝ ሄደ። ፒንሳውን ነካ፣ የናስትሮውን ጥቅል አለፈ፣ ብሎኖቹ የተቀመጡበትን ጣሳ ሊገለብጠው ለጥቂት ሳተው። በመጨረሻ ሽቦ ራሷ በላዩ ተንጠራርታ አነሳችው።

«እዚያ ነበር እንዴ?» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እርጅና መጣ መሰለኝ።»

አባቷ ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። አንደኛ ቀጭን ናት፤ ሁለተኛ ደግሞ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ፣ ከሬዲዮ እስከ ካውያ፣ በሷ እጅ ሳያልፍ አይጣልም። አሥራ አራት ዓመት ቢሞላትም የጎረቤት ሰው «ሶኬቴ አልሠራ አለ» ብሎ ሲመጣ የሚጠይቀው እሷን ነው። አባቷ በሚኒባሱ የተማሪ ሰርቪስ ይሠራል። በየጠዋቱ አሥራ አራት ልጆች ከየቤታቸው ለቅሞ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ከአሥራ አራቱ አንዱ የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ጩጬ ነው። የሷ ትምህርት ቤት በእግር ስለሚደረስበት ሽቦ በመኪናው ብዙም አትሄድም።

አሁን የሚገጥሟቸውን መብራቶች ገዝቶ የመጣው አባቷ ነው። ሞተር ሲነሳ በራሳቸው የሚበሩ፣ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ከሩቅ የሚታዩ ሁለት ቀጫጭን መብራቶች ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ራት ላይ በተቀመጡ ቁጥር የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ የዘንድሮ ሰው አያይም። አንድ ቀን ሞተር ሳይክል ከየት መጣ ሳይባል ጎኑን ታክኮት አለፈ። ሌላ ቀን የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ፊቱ ድቅን አለ። ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ የቆመ መኪናውን ስፖኪዮ አንዱ ገጭቶበት ሄደ። ሽቦ ያኔ ልብ አላለችውም እንጂ ሁልጊዜ የሚገጨው የግራው ስፖኪዮ ነበር።

«ሰው እንዲያየኝ ነው» ብሎ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እናቷ እንኳን ደስ ብሏት ነበር።

የቀኙ መብራት ሳያስቸግር ገባ። ሽቦ ከካርቶኑ የወጣውን ወረቀት ጮክ ብላ እያነበበች፣ ቀዩን ሽቦ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ወደ ኔጋቲቭ ዘረጋች። ሞተሩ ሲግል እንዳያቀልጣቸው በኮፈኑ ጠርዝ በኩል አዙራ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጋ አሰረቻቸው። ቀዩ ላይ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባች። አባቷ ከላይ ቆሞ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላል። ሥራዋን እያየ ይሁን እንዲያው ይበል፣ አላወቀችም።

የግራው ላይ ሲደርሱ እኔ ልብሳው አለ። ድሪሉ ለልጅ እጅ ይከብዳል ብሎ ተቀበላት። ሽቦ መብራቱ የሚታሰርበትን ትንሽ ብረት ፓራውልቱ ላይ ይዛ፣ በእርሳስ ያደረገችውን ነጥብ አሳየችው። እሱ ጎንበስ አለ፣ ራሱን ትንሽ ወደ ግራ ዘወር አደረገ፣ ድሪሉን አስነሳ።

ጫፉ ነጥቡ ላይ አላረፈም። ከአውራ ጣቷ አጠገብ፣ ጥፍሯን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ። ሞቅ ያለ ብናኝ እጇ ላይ ሲረጭ ተሰማት። እጇን መንጭቃ አነሳች። አባቷ አላቆመም። ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ተክሎ መብሳቱን ቀጠለ። እጇ እዚያ እንደነበር አላየም፤ መነሳቱንም አላየም።

ድሪሉ ቆመ። ሽቦ ተነስታ በግራው በኩል ቆመች። እጇን ከፊቱ ጎን ዘረጋችና ጣቶቿን አወዛወዘች። አባቷ የበሳውን ቀዳዳ በጣቱ እየዳሰሰ ነው። እጇን ይበልጥ አስጠጋች፤ ሽፋሽፍቱን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ዓይኑ አልተርገበገበም።

«አባዬ» አለች፣ «ስንት ጣት ነው?»

ደነገጠ። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ሲያዞር ነው እጇን ያገኘው። ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ድሪሉን መሬት አስቀመጠና የመኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ።

ሳይወድ በግዱ ነገራት። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ አለ። ግራው ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አይመለስም። ቀኙም ዳር ዳሩን እየጠበበ ነው፤ ፊት ለፊቱን ግን ጥርት አድርጎ ያሳየዋል። መድኃኒት ጠብታ ሰጥተውታል፤ ጠብታውን ከመኪናው ኪስ ውስጥ ከወረቀቶች ሥር ደብቆታል። እናቷ አታውቅም። ማንም አያውቅም። ማክሰኞ ደግሞ የመንጃ ፈቃዱ እድሳት ስለሆነ ዓይኑን ይመረምሩታል፤ ግራው ማየት ካልቻለ ሰው መጫን ይከለከላል።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ የምትመስል ምልክት በረድፍ በረድፍ የተደረደረችበት ሰሌዳ ነው። ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ጤፍ ታህላለች። ጥርሷ ወደየት እንደዞረ ነው የሚጠየቀው። ቀጠሮ ሊያስይዝ የሄደ ቀን ሰልፍ የሚጠብቅ መስሎ አንስቶት መጣ።

«አምስተኛውንና ስድስተኛውን ረድፍ ነው የሚያስነብቡት። በተራ ነው፤ ዓምናም እንደዚያው ነበር። አንቺ በቃል መያዝ ላይ የሚደርስብሽ የለም። አስጠኚኝ።»

ሽቦ ስልኩን ተቀበለችው። ለምን እንደተቀበለችው በኋላም ለራሷ ማስረዳት አልቻለችም። ምናልባት አባቷ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲለምናት አይታ ስለማታውቅ ይሆናል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ገበያ ሄዳ፣ ጩጬ በር ላይ ኳስ ሲያንከባልል፣ «ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች» ሲባባሉ ዋሉ። አመሻሹ ላይ አባቷ ሁለቱንም ረድፍ እንደ ውኃ ይወርደው ነበር። እሷ ግን ኳሱ ግድግዳ በመታ ቁጥር ትባንናለች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ መብራቶቹን በመንገድ ላይ እንሞክራቸው ብሎ ተነሳ። ጩጬ ካልሄድኩ ብሎ አለቀሰና ከኋላ ተቀመጠ። ሽቦ ከፊት ከአባቷ ጎን ገባች። ሞተሩ ሲነሳ ፊት ለፊት ባለው የሱቅ መስታወት ውስጥ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ቦግ አሉ። እውነትም ያምራሉ። ጩጬ አጨበጨበ።

መንገዱ ጭር ያለ ነበር። አባቷ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ዓይኑ ከፊቱ ካለው አስፋልት አይነቀልም። ሽቦ ከዚህ በፊት ጥንቃቄ የሚመስላትን ነገር አሁን በሌላ ዓይን አየችው። አንዲት ሴትዮ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ እጇን አውለበለበችላቸው፤ ከሰርቪሱ ልጆች የአንዱ እናት ናት። ጩጬ መለሰላት። አባቷ ዝም ብሎ አለፈ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከአባቷ ትከሻ በላይ አንዲት ብስክሌት ከግራ ስትመጣ አየች። የምትነዳት ነጭ የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ናት። ወደ መኪናው አየት አደረገችና ሳትፈራ ወደ መንገዱ ገባች። አባቷ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሽቦ ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ብላ ጠበቀች።

«ግራ፣ አባዬ። ግራ ነው።»

ፍሬኑን ረገጠው። ጩጬ ከወንበሩ ተንሸራትቶ የሽቦ ወንበር ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ከፊት በኩል ቀጭን የብረት ድምፅ ተሰማ።

ሽቦ በሩን ከፍታ ወረደች። ሴትየዋ ከብስክሌቷ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች። መዳፏ ተልጦ ይደማል፤ ሌላ የደረሰባት ነገር የለም። መብራቶቹ ፊቷ ላይ እንዳፈጠጡ ናቸው። አባቷ ወርዶ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቃት፣ ከየት እንደመጣሽ አላየሁሽም አላት። ሴትየዋ አልጮኸችም። ልብሷን እያራገፈች ተነሳችና አንዴ መብራቱን አንዴ እሱን አየች።

«እኔማ መብራትዎን አይቻለሁ» አለች። «ያዩኝ መስሎኝ ነው የገባሁት።»

ሆስፒታል እንውሰድሽ ቢሏት ከዚያ ነው የምመጣው ብላ ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች። አባቷ እስክትርቅ ቆሞ ቀረ። የቆመው ግን ፊቱን እሷ ወዳልሄደችበት አቅጣጫ አዙሮ ነበር።

ሲመለሱ፣ ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መብራቱስ ሠርቷል» አለ። «አይታኛለች እኮ።»

ሽቦ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

«እንዲህ እናድርግ» አለ ደግሞ፣ ሌሊቱን ሲያስብበት እንዳደረ ሰው። «ጠዋት ጠዋት ከኔ ጋር ትወጫለሽ። ልክ እንደዛሬው ከጎኔ ሆነሽ ግራ፣ ቀኝ ትይኛለሽ። ልጆቹን አድርሰን አንቺን ትምህርት ቤትሽ በር ላይ አወርድሻለሁ። ማንም ምንም አያውቅም። ጥቂት ጊዜ ነው፣ ሌላ ሥራ እስካገኝ።»

ከኋላ ጩጬ ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳይገባው፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች እያለ ለራሱ ይዘፍናል። ትናንት ሲያጠኑ ሰምቶ ይዞታል። ሽቦ ዞራ አየችው። ነገ ጠዋት ከጩጬ ሌላ አሥራ ሦስት ልጆች እየተጋፉ እዚያ ይቀመጣሉ። ከእነሱ መካከል የመጨረሻውን ወንበር ካላገኘሁ ብላ የምታኮርፍ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ የልጅቷ እናት ሁልጊዜ ለሽቦ አባት «አደራ» ብላ ነው በሩን የምትዘጋው።

ግቢ ገብተው ሞተሩን ሲያጠፋ መብራቶቹ ጠፉ። ጩጬ ዘሎ ወርዶ ወደ ኳሱ ሮጠ። አባቷ ስልኩን አወጣ።

«በይ አምስተኛውን አንዴ እንወጣው።»

«አባዬ፣ እኔ ዓይንህ መሆን አልችልም» አለች ሽቦ። ድምጿ እንዳሰበችው ጠንካራ አልነበረም። «ዛሬ ቀድሜ አይቻት ነበር። ትቆማለህ ብዬ ጠበቅሁ። ልናገር ስል ዘገየሁ።»

«ማክሰኞ ይለፍ ብቻ።»

«ነገ ሰኞ ነው።»

አባቷ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰላት።

«ለእናትሽ ልትነግሪያት ነው?»

«አንተ ብትነግራት ይሻላል። አብሬህ እገባለሁ።»

ጠበቀችው። አባቷ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያል። የጩጬ ኳስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመኪናው ጎማ ጋር ተላትማ ተመለሰች፤ ዞር አላለም። ከኪሱ መሃረብ አውጥቶ ግራ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ቀኙን። የመነሳት ነገር ግን አልታየበትም።

ሽቦ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ከመኪናው ነቀለችው። አባቷ የቁልፉን ድምፅ ሰማ። እጁን ትንሽ አንቀሳቀሰ፤ ሊይዛት እንደሆነ፣ ሊለቃት እንደሆነ አልገባትም። ብቻ አላስቆማትም።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጩጬን ቦርሳ ማንገቻ ትሰፋለች። ሽቦ ገብታ ቁልፉን ከክሩ ጥቅል አጠገብ አስቀመጠችው። እናቷ ቁልፉን አየችው፣ ቀጥላም ልጇን።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«እማዬ፣ መርፌውን አስቀምጪውና ስሚኝ» አለች ሽቦ።

እናቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ቀስ እያለ የሚጠጋ እርምጃ ተከተለ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽቦ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ከእናቷ ጎን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።