አሪስቲዴስ ኪሱ የከተተው አምፖል

አሮጊቷን ዶንያ ኡባልዲናን ማንም አልጠየቃትም። ኢንስፔክተር ሲፉዌንቴስ የሟቹን የአሪስቲዴስን ሚስት ጠየቀ፣ ወንድሙን ጠየቀ፣ ጥግ ላይ ማንጎ የምትሸጠዋን ሳይቀር ጠየቀ። ከአሪስቲዴስ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይታ ያረጀችውን ሴት ግን «እርስዎ አረፍ ይበሉ» ብሎ አለፋት። ይባስ ብሎ ልጇን ኤሊየሰርን አስሮ ወሰደው።

አሪስቲዴስ ሳሎኑን በድሮ ስቴሪዮ ሞልቶ፣ እዚያው ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሰው ነበር። ሚስቱ ኑቢያ እናቷ ዘንድ አድራ ስትመለስ፣ ሁለት እጁን የተከፈተ ስቴሪዮ ውስጥ እንደከተተ ተደፍቶ አገኘችው። ኤሌክትሪክ ገደለው ተባለ። የስቴሪዮውን ገመድ የቀየረው ኤሊየሰር ስለነበር ጥፋቱ በእሱ ላይ ተላከከ።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ሳሎኑን ዳግም ሊያይ ሲመጣ አሮጊቷ ተከትላው ገባች።

«እማማ፣ እዚህ ምርመራ ላይ ነን» አላት የሟቹ ወንድም ራሚሮ።

«አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ። ዝም በል!»

ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። የስቴሪዮው ስፒና አምፖል በሚገጠምባት ጣውላ ላይ እንደተሰካ ነው። የአምፖሉ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ኪሱ ውስጥ ምን አገኛችሁ?»

«አንድ አምፖል። ቁልፉ የተቆለፈ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። መለዋወጫ መስሎን...»

«ኑቢያ፣ ንገሪው እስቲ።»

ጥግ የቆመችው ኑቢያ እንባዋን ጠረገች። «ለስቴሪዮው ኤሌክትሪክ የሚደርሰው በዚያ አምፖል በኩል ብቻ ነው። ውስጡ ብልሽት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። እጁን ሊከት ሲል ደግሞ ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል፤ ማንም ሳያውቅ እንዳያበራበት።»

ኢንስፔክተሩ ባዶውን ቦታ ትኩር ብሎ አየው።

«አንተስ ራሚሮ» አለች ኡባልዲና፣ «መቼ አየኸው?»

«ሲመሽ። ስወጣ ስቴሪዮው እየዘፈነ ነበር። ደህና ነበር።»

«የትኛው?»

«ይኸው! ሰማያዊ መብራቱ በርቶ፣ ሰፈሩን እያናወጠ!»

«ግድግዳው የኔም ግድግዳ ነው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ጆሮሽ ደክሞ ይሆናላ!»

«ይሁን፣ ጆሮዬ ይድከም። ኑቢያ፣ እዚህ ጠረጴዛው ዳር ያለው ሳህን ላይ ያሉት ምንድን ናቸው?»

«ድምፅ የሚያወጡት ዕቃዎቹ ናቸው። ወደ እናቴ ቤት ከመሄዴ በፊት ነቅሏቸዋል፤ ምትካቸውን ኤሊየሰር ከገበያ እስኪያመጣለት እየጠበቀ ነበር።»

ኡባልዲና ሳህኑን አንስታ ለኢንስፔክተሩ አሳየችው።

«ሁላችሁም ቁጭ በሉ» አለች ኡባልዲና። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «አምፖሉ ኪሱ ውስጥ ከሆነ ኤሌክትሪክ አልነካውም። ወይስ ከሞተ በኋላ ተነስቶ፣ አምፖሉን ነቅሎ፣ ኪሱን ቆለፈ? እጁን እዚያ የከተተለት ሌላ ሰው ነው። ስፒናውን እንደተሰካ አይቶ በቃ አለ፤ የጣውላዋን ነገር አያውቅማ። ኤሊየሰር ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ጣውላዋን የሠሩት አብረው ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ስቴሪዮ ደግሞ አይዘፍንም። ዘፈነ ያለን ሰው አሪስቲዴስን በሕይወት ትቶት የወጣ እንዲመስለን ነው።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ።

«አስከሬኑን ያጠብነው እኛ ሴቶች ነን። ጥርሱ መሃል ቀይ ክር ነበር። ሶፋው ላይ ያለውን ያንን ቀይ ትራስ ገልብጠው።»

ኢንስፔክተሩ ትራሱን ገለበጠ። ጨርቁ ተነክሶ ተቦጭቋል።

ራሚሮ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የኢንስፔክተሩ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

«የአባታችንን ቤት እንሽጥ ስለው...» አለ ራሚሮ ድምፁ እየሰለለ። «እነዚህን ቆርቆሮዎች የት ላድርጋቸው አለኝ! ከኔ ይልቅ ለቆርቆሮ!»

ኑቢያ ራሚሮን ልታንቅ ብድግ አለች። ኡባልዲና አቅፋ አስቀመጠቻትና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«በጣም አመሰግናለሁ፣ ዶንያ ኡባልዲና። ነገ ጠዋት ለዳኛው...» አለ እሱ።

«ነገ የሚባል አላውቅም። ልጄ ያለ ጥፋቱ እስር ቤት አድሯል። አሁን ሂድና አንተ ራስህ አምጣው፤ መንገዱ መሃል ቆመህም ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠይቀው። እስክትመጣ ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።»