የማሽላው ጉድጓድ

«ትፋበት ብዬሃለሁ! ትፋበትና ይነሣ!»

«ያልበላሁትን ሰው በምን ምራቅ ላስነሣው?»

«ትናንት ማረሻውን አበላሸህብኝ ብሎህ ተጣልታችሁ የለም እንዴ? ዐይንህን ስትተክልበት አገር አይቷል!»

አሥር አለቃ ዳኘው ኮረብታው ላይ ሲደርስ ጠቡ እዚህ ደርሶ ነበር። ከወረታ ፖሊስ ጣቢያ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ በእግሩ አቋርጧል። አስም አለበት፤ ደረቱ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት ያፏጫል። መናገር አቅቶት ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

ሬሳው ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። አንለይ ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ትናንት ሞፈር ተሸክሞ የዋለ ገበሬ። ታናሽ ወንድሙ አገኘሁ፣ በቡዳነት የሚታማውን የመንደሩን ባለ እጅ ደብሬን በጋቢው አንቆ ሬሳው ላይ ደፍቶታል። ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው ከበዋል።

«እስከ ቀብር ካልተፋበት ጎጆውን በላዩ እናነደዋለን» አለ አንዱ። ቀልድ አልነበረም። የደብሬ ሚስት ልጇን አዝላ ከዛፉ ሥር ቆማ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች።

ዳኘው ትንፋሹ ሲመለስለት ባለ እጁን ከመካከላቸው አውጥቶ ወደ ገዛ ጎጆው አስገባው። በሩ ላይም ታጣቂ አቆመ። ግን አንድ ታጣቂ ይህን ሁሉ ጎረምሳ እንደማይመልስ ያውቀዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ደግሞ አናት ላይ ናት።

የሟቹን ሚስት ጠየቃት።

«ሲሞት ነበርሽ፣ እታለም?»

«ነበርኩ ጌታዬ። ነጋዴው ሳልህ ከይፋግ ማሽላ ሊገዛ መጣ። የማሽላው ጉድጓድ የአንለይና የአገኘሁ አባት ነው፤ ያለውም በአገኘሁ ደጅ ነው። አንለይ ሜዳ ከከብቶቹ ጋር አድሮ ገና መግባቱ ነበር። ሊወርድ ሲል ‘ተከፍቶ አድሯል?’ ብሎ ወንድሙን ጠየቀው። ‘ትናንት ጧት ከፍቼ፣ ኩራዝም አውርጄ አይቸዋለሁ፤ ውረድ’ አለው።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ስልቻ እንኳ አልሞላ። አልጮኸም፣ አላቃሰተም። ዝም አለ። በገመድና በሜንጦ ጎትተን አወጣነው።»

ዳኘው ተንበርክኮ ሬሳውን ገለጠው። ቁስል የለም። እባብ የነደፈው ምልክት የለም። አንገቱ ላይ የጣት አሻራ የለም። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ግን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነዋል።

ይህን ቀለም ያውቀዋል። አምና ጎንደር ላይ አስሙ ሊገድለው ሲደርስ፣ ሐኪም ቤት ያከመው ድሬሰር መስታወት ሰጥቶ የገዛ ከንፈሩን አሳይቶት ነበር። «ሳንባ የራሱ ጉልበት የለውም» ብሎ ነበር ድሬሰሩ። «ከሥሩ እንደ ድንኳን የተወጠረ ጡንቻ አለ። እሱ ወደ ታች ሲሳብ፣ ጎድንህም ሲከፈት፣ አየር በጉሮሮህ ይገባል። ሳንባህ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የደቀቁ እልፍ ከረጢቶች አሉ። ደም እዚያ እየደረሰ ንጹሑን ይወስዳል፣ ያደፈውን ይመልሳል። ንጹሑን ካጣ ይጠቁራል፤ ከንፈርህ ላይ ያየኸው እሱን ነው።»

አንለይ አየር አጥቶ ነው የሞተው። ግን ማንም አላነቀውም። ታዲያ አየሩ የት ሄደ?

ወደ ደብሬ ጎጆ ገባ። ምድጃው በርዷል፤ ሁለቱ የፍየል ቆዳ ወናፎች ከጎኑ ወድቀዋል።

«ሰውየውን ጠልተኸው ነበር?» አለው።

«ማረሻውን መልሼ ልሠራለት ተስማምተን ነው የተለያየነው» አለ ደብሬ አንዱን ወናፍ አንሥቶ። «አሥር አለቃ፣ እርስዎ ፊደል የቆጠሩ ሰው ነዎት። ይህን ወናፍ ይዩት። ስከፍተው ይስባል፣ ስጫነው ይተፋል፤ እንደ ሰው ደረት ነው። ግን ወናፉ ደኅና ሆኖ የሚስበው አየር ከተበላሸ እሳቱ ይሞታል። የከረመ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ኩራዝ ሲሞት አይቻለሁ።»

ዳኘው ነገሩ ገባው። እህልም ሕይወት ያለው ነገር ነው። አፉ በጭቃ ተመርጎ ሲከርም ንጹሑን አየር እሱም ይጨርሰዋል፤ ያደፈው ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል። ገበሬውም ለዚህ ነው ጉድጓዱን ከፍቶ የሚያሳድረው፤ እስኪተነፍስ ድረስ።

ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ኩራዝ ለኩሶ በገመድ አወረደ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ። ሦስተኛው ላይ ማንም ሳይነፋበት ጠፋ።

«ትናንት ስታወርደው አልጠፋም ነበር?» ሲል አገኘሁን ጠየቀው።

«አልጠፋም። ቡዳው ነው ዛሬ ያበላሸው!»

ዳኘው ጎንበስ ብሎ ከጉድጓዱ ድንጋይ ክዳን ሥር የተነሣውን የምርጊት ጓል አነሣ። ሰበረው፤ ውስጡ ደረቅ ነው። የተኛበት ሣር ግን ርሶ ነበር።

«ማታ ዘንቦ ነበር?» አለ ዘወር ብሎ።

«እንዴታ! ሜዳው ጭቃ ሆኖ አይደል እንዴ የመጡት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ታዲያ ትናንት ጧት የወጣ ጓል እንዴት አልራሰም?»

የአገኘሁ ፊት ተለወጠ። «እሺ… ዛሬ ጧት ይሆናል የከፈትኩት። ተሳሳትኩ! እንዲህ እንደሚገድል በምን አውቃለሁ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። መሳሳት ወንጀል አይደለም። ጎረምሶቹ እንደገና ወደ ደብሬ ጎጆ ማየት ጀመሩ።

ይህን ጊዜ ነጋዴው ሳልህ ወደ ፊት ወጣ። «አሥር አለቃ፣ አላህ ያውቃል፣ አገኘሁ ክፉ ሰው አይደለም። ነፍሴን ያተረፈልኝ እሱ ነው። አንለይ ዝም ሲል ልወርድለት እግሬን ሰድጄ ነበር፤ ኮሌታዬን ጨምድዶ አስቀረኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‘አትውረድ! ገና አሁን ነው የተከፈተው፣ አንተም ትሞታለህ!’ ብሎ።»

ሳልህ የተናገረውን ገና አሁን ራሱ ሰማው።

እታለም ነጠላዋን ነክሳ የባሏን ወንድም አየችው። እሱ ግን የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ሳልህን ምን አድርጎኝ ልግደለው?» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድሜ ግን… ባሕር ሸሹን መሬት ለብቻው አጠረው። ጣና በሸሸ ቁጥር የእሱ መሬት ይሰፋል። ለእኔ የደረሰኝ ይህ ድንጋይ ነው።»

እጁን ሲያስሩትም አልታገለም። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ጥለው ቃሬዛ ፍለጋ ሮጡ፤ ሴቶቹ ሙሾውን ጀመሩ። ዳኘው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እያፏጨ፣ የሳልህን ቃል ይጽፋል። ታጣቂውም እስረኛውን ሊጠብቅ የጎጆውን በር ትቶ መጣ።

ቃሬዛ የያዙት ሲመለሱ መንገዱ ላይ አህያ ገጠማቸው። ዳር ይዘው አሳለፉት። ሁለት ወናፍ፣ አንድ መዶሻና የተጠቀለለ ቁርበት ተጭኗል። ከኋላው ደብሬና ሚስቱ ልጃቸውን አዝለው በአንበሳሜ መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጎረምሶቹ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ወደ ለቅሶው ወጡ።