የታናሽ ወንድም ካርድ

ደራሲው ወደ ሥራ ክፍሉ በሚያወጣው ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ የተገኘው ረፋድ ላይ ነው። ሚስቱ፣ አርታኢውና ጠበቃ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ሳሎን ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠዋል። እርስ በርስ ላለመተያየት ሦስቱም አቀርቅረዋል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የማንበቢያ መነጽሩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። በጣቶቹ መካከል የተቀደደ የወረቀት ጫፍ አለ።

«ደረጃ ሲወርድ መነጽሩን ያደርጋል?» ስትል ሚስቱን ጠየቀች።

«በፍጹም። በሱ ሲያይ እግሩ ሥር ያለው ይደበዝዝበታል።»

የሥራ ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሟች ኪስ ውስጥ ነው። «ለደቂቃ ቢወጣ እንኳ ይቆልፋል» አለች ሚስትየው። «ማናችንንም አያምንም።»

መርማሪዋ በሩን ከፍታ ገባች። ግድግዳው ላይ የአዲሱ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት በየካርዳቸው ተለጥፈዋል፦ ከየት እንደሚነሱ፣ ምን እንደሚለውጣቸው፣ የት እንደሚደርሱ። «ታናሽ ወንድም» የሚለው ካርድ ላይ «አባቱን በሐሰት መስክሮ ያሳሰረ» ይላል። ከሥሩ በዛሬ ቀን የተጨመረ ጽሑፍ አለ። አንብባው ቆልፋ ወረደች።

መጀመሪያ ያናገረችው ሚስቱን ነው።

«ባሏን የማትወድ ሴት አድርጎ ጽፎኛል። እውነቱን ነው። ታዲያ ለዚህ ልግደለው?»

አርታኢው ቀጠለ። «የወንድምየው ታሪክ አልዋጠልኝም ነበር። እንዲሁ በደፈናው ክፉ የሆነ ሰው አንባቢ አያምንም፣ ምክንያት ፈልግለት አልኩት። ትናንት ሰድቦ አስወጣኝ።»

ጠበቃው እግሩን አነባብሮ ጠበቃት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጊዜዬን አታባክኚ። አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ዛሬ ከነጭራሹ አላየሁትም።»

«ታናሽ ወንድምየው እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ይባል። አንካሳ አድርጎ ሲያላግጥብኝ ማን ያምነዋል? እግሬ እንደሆነ ደህና ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች መነጽሩን ያደረገው ሊያነብ ነው፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ለአንድ ሰው እያነበበ ነበር። ወረቀቱን ያ ሰው ነጥቆታል።» ወደ አርታኢው ዞረች። «ልቦለዱ ውስጥ ያለው ታናሽ ወንድም ትናንት ያነክስ ነበር?»

«የለም። ካርዱ ላይም፣ ረቂቁ ላይም ደህና ነበር።»

«ማነከሱ ካርዱ ላይ የተጨመረው ዛሬ ጠዋት ነው። ክፍሉ ደግሞ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ይህን ሊያውቅ የሚችለው ዛሬ ከራሱ ከደራሲው አፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጠበቃው ዞሩ። እሱ ግን አልተከራከረም። ከኮቱ ኪስ ጫፉ የተቀደደ፣ የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ልሟገተው ስወጣ ይህን ያነብልኝ ጀመር። አንካሳ ሲል ገፋሁት።»

«ቢጨርስልዎት ኖሮ ቀጥሎ ያለውን ይሰሙ ነበር» አለች መርማሪዋ፣ ወረቀቱን እያቃናች። «‹እግሩን በልጅነቱ የሰበረው አባቱ ነው። የመሰከረበትም ለዚህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ይህን ሲረዳ ይቅር አለው።›»

 ጠበቃው የግራ እጁን እጅጌ ሰበሰበ፤ ክርኑ ላይ ተጣሞ የገጠመ አጥንት ታየ።

«እግሬን አይደለም» አለ። «እጄን ነው። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ይቅር ባዩ እሱ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

 መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች።