የኦቴሎው አሥር ሳምንት

የልጅ ልጄ እሴይ ሚስቱን ያገኛት ተኝታ ነው።

ሲያትል ውስጥ ባስ ይነዳል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ኦቴሎ ሠፈር የሚያበቃውን መስመር ነው የያዘው። አንድ የኅዳር ቀን ሰዉ ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ፣ አንዲት ልጅ የነርስ ተማሪዎች የሚለብሱትን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰች ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። ሄዶ በእንግሊዝኛ ጠራት፤ አልሰማችም። መልኳን አየና በአማርኛ ሞከረ።

«እህቴ፣ ተነሽ፤ መጨረሻው ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው ዐይኗን ሳትገልጥ። «ቤቴ እዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወርድ ሰው ምን አለበት ብዬ ነው የተኛሁት።»

ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አብሬው አልሳቅኩም። ሰው ስለማያውቃት ሴት እንዲህ አይስቅም።

ሁለት ሳምንት ያህል እሷ እየተኛች፣ እሱ እየቀሰቀሰ ከረሙ። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀመጠች፤ ዐይኗንም አልከደነች።

«ዛሬ እንቅልፍ የለም እንዴ?»

«ሁልጊዜ ስነቃ ነው የማይህ። ዛሬ ሳልተኛ ልይህ ብዬ።»

እሴይ አንድ ፌርማታ ሳይቆም አለፈ። እሱ እንዲህ የሚዘናጋ ልጅ አይደለም፤ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። እናቱ ለሥራ ዳላስ ስትገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱንም ቁጣውንም የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ልጅቷ ሲያወራኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስሟን አልነበረም።

«ቪዛዋ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እማማ! ስሟ ትሁን ነው። የዱራሜ ልጅ ናት። አክስቷ ቤት ሆና ኮሌጅ ትማራለች።»

«ቪዛዋን ነው የጠየቅኩህ።»

«ስምንት ወር ቀርቷታል» አለና ፊቱን አዞረ።

ክፉ አትበሉኝ። እዚሁ አጠገባችን ሬድመንድ ከተማ የሚሠራ የጓደኛዬ ልጅ አለ፤ የተማረ፣ ጨዋ። ሚስቱ የመኖሪያ ወረቀቷን በተቀበለች በወሩ ጥላው ሚኒሶታ ገባች። ልጁ እስካሁን በግ የጠፋበት እረኛ መስሎ ነው የሚዞረው። ያን እያየሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ተጋቡ። በቤተ ክርስቲያናችን፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በወጉ ተጋቡ። ቢከን ሂል ሠፈር ያለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤቴ ገቡ። ትሁን ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ ታጠናለች፣ ድምጿ አይሰማም። እኔ ደግሞ ድምጽ የሌለውን ነገር እፈራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጓዳቸው ገብቼ ልብስ ሳስቀምጥ አንድ ወፍራም ፎልደር አገኘሁ። ከፈትኩት። የምግብ ቤት ደረሰኝ፣ የሲኒማ ቲኬት፣ የካፌ ደረሰኝ፣ ሁሉም ነጭ ወረቀት ላይ በቀን በቀኑ ተለጥፏል። ከዚያ ፎቶዎች። አንዱ ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሦስታችን የተነሳነው ነው። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ ቀኑ፣ ከሥሩ «አያቱ»፣ ከጎኑ ደግሞ «ቁጥር 31» ተብሎ ተጽፎበታል።

የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው። ቢሆንም ማስረጃ የሚያጠራቅም ሰው ለክስ እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ።

ትሁን ከትምህርት ስትመለስ ፎልደሩን ይዤ ቆሜ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለኢሚግሬሽን ኢንተርቪው ነው እማማ።»

«እኔን ቁጥር የሰጠሽኝ ለኢንተርቪው ነው?»

«ጠበቃዋ ናት እኮ…»

«ጠበቃ አትጥሪብኝ! ለወረቀት ነው እዚህ ቤት የገባሽው። ወረቀትሽን ያገኘሽ ዕለት ልጄን እንደዚህ ደረሰኝ ጨምድደሽ ትጥይዋለሽ። ውጪልኝ!»

ጫማዋን በትክክል እንኳ ሳታጠልቅ፣ ተረከዙን ረግጣ ወጣች።

ለእሴይ «ተጣልተን አክስቷ ጋ ሄዳለች» አልኩት። ያልኳትን አልነገርኩትም። ትክ ብሎ አየኝና እራቱን ሊያሞቅ ሄደ።

አሥር ሳምንት አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከሳል፣ ይበሳጫል። የኔው ግን ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል! ሚስቱ ጥላው ሄዳ ያፏጫል! አንዳንዴ «ረስቷታል» ብዬ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ «እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ ልጅ ነው ያሳደግኩት?» ብዬ እበሽቃለሁ።

በአሥረኛው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ የጠበቃዋን ወረቀት አገኘሁ፤ በአማርኛም ተጽፏል። «አብራችሁ የወጣችሁበትን ደረሰኝ በቀን በቀኑ ለጥፉ። ከየፎቶው ጀርባ ቀን፣ ስምና ቁጥር ጻፉ።» ደግሜ አነበብኩት። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።

በማግስቱ ብቻዬን ኦቴሎ ሄጄ የአክስቷን በር አንኳኳሁ። የከፈተችው እሷው ናት።

«ነይ ቤትሽ» አልኳት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሷም አልጠበቀችውም። ኮቷን አንስታ ተከተለችኝ። እኔም ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

የኢንተርቪው ቀን ሲደርስ ደጋግሜ መከርኳቸው። «ትጣላላችሁ ወይ ካሏችሁ፣ ሰላም ነን በሉ። ገመና አደባባይ አይወጣም።» እሺ አሉኝ።

ከወር በኋላ ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ተጠራጥረናል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስረዳችሁ ማመልከቻው ይዘጋል የሚል ነው። ሁለት ዓመት ስንሰበስበው የኖርነው ወረቀት ሁሉ ምን በላው? አሻራ ሰጠች፣ ሐኪም መረመራት፣ የልደት ሰርተፊኬት ከዱራሜ ድረስ አስመጥታ አስተረጎመች። አሁን ደግሞ ተጠራጠርን!

«ምን ብለሽ ተናግረሽ ነው?» ብዬ ትሁን ላይ ጮህኩ።

«ምንም እማማ።»

ሦስታችንም ጃክሰን መንገድ ላይ ያለችው ጠበቃ ጋ ሄድን። አክሱማዊት ትባላለች፤ ስትናገር የምትሮጥ ሴት ናት።

«ሶ፣ ችግሩ ይሄ ነው» አለች። «ከኮሌጅ የመጣው ደብዳቤ ላይ የትሁን አድራሻ ኦቴሎ ነው። አሥር ሳምንት! የኢሚግሬሽን ኦፊሰሯ ለምን ብላ ለየብቻ ስትጠይቃችሁ፣ ሁለታችሁም “የቤተሰብ ጉዳይ ነው” ብላችሁ ዝም አላችሁ።»

«እውነት ነው እኮ» አለ እሴይ።

«ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ጉዳይ የሚል ሳጥን የለም የኔ ወንድም! ለኔ እንኳ አልነግርም ብላችኋል። ኦኬ፣ ሌላው ይቅር። በእነዚያ አሥር ሳምንታት ትገናኙ ነበር?»

«በየቀኑ» አለ።

«የት?» ያልኩት እኔ ነኝ።

እሴይ ወደ እኔ አላየም። «ባሱ ላይ እማማ። ኦቴሎ ስደርስ ተመልሼ እስክነሳ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለኝ። ቆማ ትጠብቀኛለች።»

«ትራፊክ ከሌለ አሥራ አምስት» አለች ትሁን በቀስታ።

ተያዩ። አንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ግን እኔም ጠበቃዋም ዐይናችንን ሰበርን። ፉጨቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ባለትዳር ሰው፣ የገዛ ሚስቱን፣ በአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ እንደ ሌባ!

«ታዲያ ከቤት ለምን ወጣች?» አለች አክሱማዊት።

እሴይ ጣሪያውን ያያል። ትሁን ጣቶቿን ታያለች። ለመንግሥት ያልተናገሩትን፣ ለጠበቃቸው ያልተናገሩትን፣ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ እንኳ አይናገሩትም። እሴይ ሁሉንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አሥር ሳምንት ሙሉ በአንድ ማዕድ አብሮኝ ሲበላ ያውቅ ነበር።

«ያባረርኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

አክሱማዊት ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ይህን ጽፈው ይፈርማሉ? ምናልባትም ቀርበው ይናገራሉ?»

«እማማ አይገባም» አለች ትሁን ብድግ ብላ። «ሌላ መንገድ ይፈለግ።»

«አንቺ ደግሞ!» አልኳት። «መናገር ባለብሽ ቦታ ዝም ትያለሽ፣ ዝም ማለት ባለብሽ ቦታ ትናገሪያለሽ! ቁጭ በይ።»

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ጨረስኩት። እንደተፈራውም ጠሩን። አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ ስለተባለ ከቤተ ክርስቲያናችን አቶ ብዙነህ አብሮን ሄደ። ኦፊሰሯ ቀጭን፣ ፊቷ የማይነበብ ሴትዮ ናት። እጄን አስነስታ አስማለችኝና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ።

«“ለወረቀት ነው የገባሽው፣ ውጪልኝ” ብዬ አባረርኳት» አልኩ።

ብዙነህ ጉሮሮውን ጠራርጎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ሲያትል አሥራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ መመለስ ቢያቅተኝም መስማት አያቅተኝም። «በመካከላቸው ትንሽ አለመግባባት ነበር» ነው ያለው።

«ብዙነህ!»

«አቤት እትዬ ውብአየሁ።»

«አለመግባባት ወጣኝ?»

«እትዬ፣ በፈረንጅ ፊት እንዴት አድርጌ…» አለ ላቡን እየጠረገ። «እርስዎ እኮ እናታችን ነዎት።»

«እንዳለ ተናገረው። ቤቴ ውስጥ ያላፈርኩትን ዛሬ ልፈረው።»

ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ ምን እንደምንነጋገር ጠየቀች። ብዙነህ እያፈረ ቃል በቃል ደገመላት። ትሁን አንገቷን ደፋች። የእሴይ እጅ በወንበሮቹ መካከል ሄዶ እጇን ሲይዝ አየሁ። እኔ ፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ያን ጊዜ ለወረቀት ነው ብለው ካመኑ» አለች ኦፊሰሯ፣ «ዛሬ እንዳልሆነ በምን አወቁ?»

ይህን ጥያቄ ማንም አላስጠናኝም።

«አንቺ ነሽ ያሳወቅሽኝ» አልኳት። «እዚህ ተቀምጣ ለምን ከቤት ወጣሽ ስትያት፣ “አያቱ ክፉ ናት፣ እሷ አባረረችኝ” ብትል ኖሮ ወረቀቷን ያን ቀን ትሰጫት ነበር። እኔን ላለማዋረድ ወረቀቷን ጣለች። ለወረቀት የመጣች ሴት ወረቀቷን ለባሏ አያት ብላ አትጥልም።»

ብዙነህ ይህን ሲተረጉም አንድም ቃል አላጎደለም።

ከዚያ ወደ ትሁን ዞርኩ። ኦቴሎ በር ላይ ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ቃል፣ በማይሆን ቦታ፣ ባንዲራ በተሰቀለበት ቢሮ ውስጥ ወጣ።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

ብዙነህ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት፣ ሴትዮዋ እጇን አንስታ አስቆመችው።

ውሳኔው በፖስታ ይደርሳችኋል ተባልን። ሰባት ሳምንት! በቀን ሦስቴ የፖስታ ሳጥን እከፍታለሁ። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ። ፖስተኛው እንኳ ሲያየኝ ከሩቁ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ግሪን ካርዱ መጣ።

እውነቱን ልናገር፤ ይቅርታ ጠይቄም ቢሆን ያ የድሮ ፍርሃቴ አልሞተም ነበር። ትሁን ካርዱን አየችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ጉንጬን ስማ ጓዳ ገባች። እሴይ ተከተላት። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ድምጻቸው ከፍ አለ። ቤቴ ከገቡ ጀምሮ ጮክ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«የራሳችን ቤት እፈልጋለሁ አልኩህ!»

«እማማን ማን ጋ ጥዬ?»

«ጥለሃቸው ሂድ ወጣኝ? እዚሁ ሠፈር፣ በእግር የሚኬድበት!»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስከ ዛሬ ብንጣላ ፋይላችን ውስጥ ይገባል ብዬ ነዋ!»

እሴይ ሳቅ ሲያፍን ሰማሁ። «ሁለት ዓመት ጠብ አጠራቅመሻል ማለት ነው?»

«ገና አልጀመርኩም» አለችው።

ልጄን ይዛብኝ ልትሄድ ነው። ይዛው ነው እንጂ ጥላው አይደለም። ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍቱት ሁለቱም ቀልተዋል።

«ልክ ናት» አልኩት እሴይን። «ሂዱና ተከራዩ። የመጋረጃውን ነገር ግን ለኔ ተዉት፤ እኔ እመርጣለሁ።»

«አይመርጡም እማማ» አለች ትሁን።

ካወቅኋት ጀምሮ እምቢ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እሴይ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። በጣም ተናደድኩ። ተናድጄ እያለሁ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ካርዱን እንደያዘች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።